ሱቁም ሳሎኑም በአንድ ግቢ፦ በ200 ካሬ ላይ የሥራና የመኖሪያ ቤት አነዳደፍ

መንገድ ዳር ቦታ ያለው ቤተሰብ ቤት ለመሥራት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ የክፍል ብዛት ነው፤ ስንት መኝታ ይወጣዋል፣ ሱቁስ ስንት ካሬ ይሆናል? ሥራና ኑሮ አብረው ለሚውሉበት ቤት ግን ከክፍሉ በፊት መሳል ያለበት የሰው መሄጃ ነው። ደንበኛ በየት ይገባል? እንግዳስ? ዕቃ የት ይራገፋል? ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የትኛውን በር ይከፍታሉ? እነዚህ አራት መሄጃዎች እርስ በርስ ከተቆራረጡ ቤቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ያጨናንቃል። ካልተቆራረጡ ግን 200 ካሬ ለስድስት የቤተሰብ አባልና ለአምስት ሠራተኛ ይበቃል።

እዚህ የምናየው ምሳሌ 10 በ20 ሜትር የሆነ፣ 10 ሜትሩ መንገድ የሚነካ የአዲስ አበባ ቦታ ነው። ቤቱ ጂ+1 (ምድርና አንድ ፎቅ) ሲሆን ፊት ለፊቱ ስፌት ቤት አለው። በስፌት ቤቱ ፈንታ ሱቅ፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ወይም የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ቢሆንም ንድፉ ያው ነው። ብየዳ፣ የእንጨት ማሽንና ቀለም መርጨት ግን በፍጹም አይሁን። የእነሱን ድምፅ፣ አቧራና ሽታ ከመኝታ ቤት የሚያርቅ ግድግዳ በዚህ ስፋት ላይ መሥራት አይቻልም፤ ሌላ ቦታ መከራየት ይሻላል።

እርሳስ ከማንሣት በፊት ካርታውን ይዩ። የቦታው አገልግሎት «መኖሪያ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሥራውን የሚጨምር «ቅይጥ» ፈቃድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይጠይቁ። ከመንገዱና ከጎረቤት ወሰን ምን ያህል መራቅ እንዳለብዎትም እዚያው ያረጋግጡ፤ ከታች ያሉት ልኬቶች እንደ መልሱ ይስተካከላሉ። ንድፉ አልቆ ፈቃድ ከወጣ በኋላ መኝታ ቤት የነበረውን ወደ ሱቅ መለወጥ አዲስ ንድፍና አዲስ ወጪ ያመጣል።

ቦታውን መክፈል

በግራ በኩል ከዋናው በር እስከ ግቢው መጨረሻ 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ይተዉ። መኪና ይገባበታል፣ ሳሎኑ ብርሃን ያገኝበታል፣ ቤተሰቡም በስፌት ቤቱ ሳያልፍ ይገባበታል። «ቦታ ይባክናል» ተብሎ ወደ 1 ሜትር ሲጠብ ሁሉም ነገር አብሮ ይበላሻል፦ መስኮቶቹ የአጥር ግንብ ያያሉ፣ ዕቃ በሱቁ በኩል ይገባል፣ እንግዳም በደንበኛ መካከል ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ቤት ውስጥ መደራደር የሌለብዎት አንድ ልኬት ቢኖር ይህ ነው።

በቀሪው 7 ሜትር ስፋት ላይ ዋናው ቤት 12 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ከኋላው 5 ሜትር ግቢ ይቀራል፣ በመጨረሻም 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሰርቪስ ይሠራል። ሁሉም ሲደመር 20 ሜትር ይሞላል። የተገነባው መሬት 84 ካሬና 21 ካሬ፣ በድምሩ 105 ነው። ከግማሽ በትንሹ ይበልጣል ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ከሄደ ክረምት ላይ ውኃ የሚሄድበት፣ በጋ ላይ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ ይጠፋል።

የምድሩን ወለል ከመንገድ ወደ ውስጥ በሦስት ይክፈሉት። የውጭው ግድግዳ 20 ሴንቲ ብሎኬት ሲሆን የውስጡ ስፋት 6.6 ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ 4 ሜትር ጥልቀት ያለው የሥራ ክፍል ይመጣል፣ 26 ካሬ ነው። ቀጥሎ 2.2 ሜትር ጥልቀት ያለው መካከለኛ ክፋይ፣ ከዚያ 5.05 ሜትር ጥልቀት ያለው የቤተሰብ ክፍል።

የንድፉ ቁልፍ መካከለኛው ክፋይ ነው። ከመተላለፊያው በኩል ሲቆጠር መጀመሪያ 1.2 ሜትር መግቢያ፣ ቀጥሎ 3.6 ሜትር ርዝመት የሚይዝ ደረጃ፣ ከግድግዳው በኋላ ደግሞ 1.65 ሜትር ስፋት ያለው የሠራተኛና የደንበኛ ሽንት ቤት አለ። የሽንት ቤቱ በር ወደ ሥራው ክፍል ብቻ ይከፈታል። ቤተሰቡን ከሥራው የሚያገናኘው አንድ በር ብቻ ነው፤ ያውም ከመግቢያው ወደ ሥራው ክፍል የሚወስደው። ማታ እሱ ሲቆለፍ ሥራው አበቃ ማለት ነው። ይህን በር ወደ ሥራው ክፍል፣ የሳሎኑን ደግሞ ወደ ሳሎኑ እንዲከፈቱ ያድርጉ። ሁለቱም ወደ መግቢያው ከተከፈቱ በ1.2 ሜትር ውስጥ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

ደረጃው ከመግቢያው ስለሚነሣ ላይኛው ፎቅ ነፃ መውጫ አለው። ልጅ ሲያገባ ወይም ፎቁን ማከራየት ሲያስፈልግ ግድግዳ ማፍረስ አይጠይቅም። ከወለል እስከ ወለል 3.2 ሜትር ከሆነ 16 ሴንቲ ከፍታ ያላቸው 20 መውጫዎች ይወጡታል፤ አሥር አሥር ሆነው በሁለት ይታጠፋሉ። መርገጫው 28 ሴንቲ ይሁን። አንዳንድ አናጢ ቦታ ለመቆጠብ ከፍታውን 20፣ መርገጫውን 24 ያደርገዋል፤ ቁሳቁስ ተሸክሞ ለሚወርድ ሰውና ለአረጋውያን ይህ መውደቂያ ነው። በመታጠፊያው ሥር ያለው ቦታ የጨርቅ ጥቅልል ማስቀመጫ ይሁን።

ንድፉ ሲያልቅ ወረቀቱን ብቻ አይመኑ። በቦታው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው ግድግዳውን በኖራ ይሳሉ። ከዚያ አንድ ሰው መሶብ ይዞ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን፣ ሌላው ጥቅልል ጨርቅ ተሸክሞ ከበር ወደ ሥራው ክፍል ይሂድ። ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ ካለ በሩን የሚያዛውሩት አሁን ነው፤ ኖራ መጥረግ ብሎኬት ከማፍረስ ይቀላል።

የሥራው ክፍል

ለስፌት ቤት መካከሉን የሚይዘው 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ መቁረጫ ጠረጴዛ ነው። ቁመቱ 90 ሴንቲ ይሁን፤ ተራ የምግብ ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚቆርጥን ሰው ወገብ ይጎዳል። ረጅም ጎኑ ወደ ውስጥ ይሂድ፣ ዙሪያው ቢያንስ 80 ሴንቲ ይተርፋል። ሦስት ማሽን በመተላለፊያው በኩል ባለው መስኮት ሥር፣ ሁለቱ በተቃራኒው ግድግዳ ይቀመጣሉ። ለአንድ ማሽን 1.2 ሜትር ርዝመት፣ ለተቀማጩ ከኋላ 90 ሴንቲ ይያዝለት። በቀረው ጥግ 1 በ1 ሜትር የመለኪያ ክፍል በመጋረጃ ይከለላል።

ለ26 ካሬ የስፌት ክፍል 18 ዋት የሆኑ አሥራ ሁለት የኤልኢዲ ቱቦዎች ይበቃሉ፤ በየማሽኑ ላይ ደግሞ ትንሽ መብራት ይጨመራል። መንገዱ በምዕራብ በኩል ከሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በመስኮት ትገባለች፤ ለዚህ የጣሪያ ክንፍ አይረዳም፣ ቀጥ ብለው የቆሙ መከለያዎች ወይም ዛፍ ይሻላሉ። የደቡብ መስኮት ግን አይፍሩ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በአዲስ አበባ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ በደቡብ ስለምትውል፣ በብርዱ ወራት ቤቱን የምታሞቀው በዚያ በኩል ገብታ ነው።

የቤተሰቡ ክፍል

ሳሎን ከሁሉም የተረፈው ቦታ ሆኖ ሲቀር ቤቱ የሥራ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ ቤተሰቡ በየመኝታው ተበታትኖ ይውላል። ስለዚህ ወደ ግቢው የሚያየውን፣ ፀጥ ያለውን ጎን ለሳሎን ይስጡት። በዚህ ንድፍ ሳሎኑ 4.2 በ5.05 ሜትር፣ 21 ካሬ ነው። ወደ ግቢው የሚከፈተው በር 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ባለ አራት ተከፋች ይሁን። ማኅበር፣ ክርስትና ወይም ለቅሶ ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈትና ሳሎኑና 50 ካሬው ግቢ አንድ ይሆናሉ። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ይተከላል፣ ለቀስተኛው በመተላለፊያው ይገባል፣ የስፌት ቤቱ በር ሳይነካ። ለድንኳን ገመድ የሚሆኑ አራት የብረት ቀለበቶችን አጥሩና ግድግዳው ሲሠራ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ በአርማታ ውስጥ ይቅበሩ፤ ኋላ ልስን መሰርሰር አይኖርም።

በዚሁ በር አጠገብ 1.2 በ1.2 ሜትር ምንጣፍ የማይነጠፍበት የሴራሚክ ወለል ለቡና ይተዉ። ረከቦቱ ይቀመጥበታል፣ ፍም ቢወድቅ አይቃጠልም። ከላዩ በኩል የሚከፈት መስኮት ይኑር። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለውና ሰው የሚገድል ስለሆነ ይህ መስኮት ለጌጥ የሚተው አይደለም።

ከሳሎኑ ጎን 2.25 ሜትር ስፋት ያለው ክፋይ ይቀራል። ወደ ግቢው የሚያየው 3 ሜትር ኪችን ነው። ከመካከለኛው ክፋይ ጋር የሚነካካው 1.9 ሜትር ደግሞ የእጅ መታጠቢያና ሻወር ይሆናል። መታጠቢያው 90 ሴንቲ ቦታ ይዞ ወደ ሳሎኑ ክፍት ይሁን፤ እንግዳ እጁን ለመታጠብ ሽንት ቤት መግባት የለበትም። የሻወሩና የሽንት ቤቱ በር ወደ መታጠቢያው ይከፈት እንጂ ከሳሎን መቀመጫ ጋር ፊት ለፊት አይተያይ። ይህ ክፍል ከደንበኞቹ ሽንት ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ሁለቱን አንድ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ያገለግላቸዋል። የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤትም ልክ በላዩ ይሁን። በወሰን ግድግዳ በኩል መስኮት ስለማይኖራቸው እስከ ጣሪያ የሚወጣ 60 በ60 ሴንቲ የአየር መውጫ ይሠራላቸዋል።

ደረጃ መውጣት የማይችሉ እናት ወይም አባት ካሉ ከአሁኑ ይወስኑ፦ ኪችኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ሰርቪሱ ይሄዳል፣ ቦታው 2.6 በ3 ሜትር መኝታ ይሆናል፣ ሳሎኑም 3.85 ሜትር ስፋት ይቀርለታል። ሻወሩ እዚያው አጠገባቸው ነው። አሁን ባያስፈልግም ነገ ሊያስፈልግ ይችላልና በኪችኑና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ሸክም የማይሸከም 10 ሴንቲ ብሎኬት መሆኑን ለኢንጂነሩ ይንገሩ።

ላይኛው ፎቅ ላይ የልጆችን መኝታ ከሥራው ክፍል በላይ አያድርጉ። እዚያ ላይ እንግዳ ክፍል ወይም የቤተሰቡ ሁለተኛ መቀመጫ ይሁን፣ መኝታዎቹ ወደ ግቢው ይዙሩ። ደረጃው አናት ላይ 60 ሴንቲ ጥልቀት ያለው የጥናት ጠረጴዛ ቢኖር ልጆች ወላጅ በሚያልፍበት ቦታ ያጠናሉ።

ድምፅና ጭስ

ድምፅ ይበልጥ የሚያልፈው በግድግዳው ሳይሆን በቀዳዳው ነው። በሥራው ክፍልና በመካከለኛው ክፋይ መካከል ያለው 20 ካሬ ግድግዳ 20 ሴንቲ ብሎኬት ይሁን፤ ብልሽት ጨምሮ ወደ 260 ብሎኬት ይፈጃል። ግንበኛው ከሶሌታው (ከላይኛው የአርማታ ወለል) ሥር የመጨረሻውን ረድፍ ሲያስገባ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ክፍተት ትቶ በልስን ብቻ ይሸፍነዋል፤ ልስኑ ሲሰነጠቅ ድምፁ እንደልቡ ያልፋል። በሞርታር ጠቅጥቆ እንዲሞላው ቆመው ይከታተሉ። ሁለቱም ገጽ ይለሰን። ሶኬቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ጀርባ ለጀርባ አይግጠሙ፣ ቢያንስ 40 ሴንቲ ይራራቁ። በሩ ድፍን እንጨት ሆኖ ሥሩ በጎማ ይዘጋ፣ ራሱን የሚዘጋ ክንድም ይኑረው። የማሽኖቹ ንዝረት በወለሉ በኩል እንዳይሄድ በየእግራቸው ሥር 1 ሴንቲ የጎማ ንጣፍ ያድርጉ፤ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ይበቃል።

እንጀራ መጋገሪያው ሰርቪሱ ውስጥ ነው። ሰርቪሱ በውስጡ 2.4 ሜትር ማድ ቤት፣ 1.3 ሜትር ሽንት ቤትና 2.6 ሜትር ክፍል ይይዛል። ማድ ቤቱ ከሳሎኑ በር ፊት ለፊት እንዳይሆን ከመተላለፊያው ጫፍ ይጀምር። በኤሌክትሪክ ምጣድም ቢጋገር እንፋሎቱ ብዙ ነው፤ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ከጣሪያው ሥር 40 በ40 ሴንቲ ክፍተት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፣ አለዚያ ኮርኒሱ በዓመቱ ይሻግታል። በማገዶ ከሆነ የጭስ መውጫው ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ 60 ሴንቲ ከፍ ይበል። ከማድ ቤት ወደ ሳሎን የሚያደርሰው መንገድ በ1.2 ሜትር ስፋት ይከደን፤ ሐምሌ ላይ ወጥ ይዞ በዝናብ መሮጥ የለም።

መብራትና ውኃ

ለሥራው ክፍል የራሱ ቆጣሪ ይጠይቁ፤ ካልተቻለም የራሱ ሰሌዳና ንዑስ ቆጣሪ ይኑረው። የሥራው ወጪ ከቤቱ ወጪ ካልተለየ ሥራው እያተረፈ ይሁን እየከሰረ በትክክል አይታወቅም። ቤቱ ውስጥ መብራት በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ10 አምፔር ብሬከር፣ ሶኬት በ2.5 ሽቦና በ16 አምፔር ይሠራል። ምጣድ ግን ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ ከሰሌዳው የሚነሣ የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና 25 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ጠቁሮ የሚቀልጠው ምጣዱን ከሌላ ሶኬት ጋር በአንድ 2.5 ሽቦ ላይ ስለሚያያይዙት ነው። ምጣድ፣ ቦይለር፣ ምድጃና ሁለት ካውያ በአንድ ሰዓት ከሠሩ ወደ 11 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ይህ በ220 ቮልት 50 አምፔር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ማግኘት ካልተቻለ የእንጀራ መጋገሪያ ቀን ከካውያው ሥራ ጋር እንዳይገጥም ማስማማት ነው። ወደ መሬት የሚወርደው የአደጋ መከላከያ ሽቦና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው ብሬከር አይቅሩ።

ውኃን በፈረቃ ያስሉ። ስድስት ሰው በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም 360፣ ሠራተኞችና ደንበኞች 140 ሊትር ቢጨምሩ በቀን 500 ይሆናል። ለአራት ቀን የሚበቃው 2,000 ሊትር ሮቶ ነው፤ ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናልና ሶሌታው መሐል አይቀመጥ። ትክክለኛው ቦታ በደረጃው አራት ኮለኖች ላይ የተነሣ ማማ ነው። ከሮቶው ሥር እስከ ሻወሩ ራስ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍታ ከሌለ ውኃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ሴፕቲክ ታንኩ በመተላለፊያው ወደ በሩ ቀረብ ብሎ ይቆፈር፣ የመምጠጫ መኪናው ቱቦ እንዲደርስበት። ክዳኑ መኪና የሚሸከም አርማታ ይሁን። ግቢው በየሜትሩ 2 ሴንቲ ወደ መንገድ ይዘቅዝቅ።

ስለ እሳትም አንድ ነገር፦ ጨርቅ የሞላበት ክፍል ፊት ለፊት ስለሆነ ቤተሰቡ በእሱ በኩል መውጣት የለበትም። መተላለፊያው ዕቃ አይደርደርበት፣ በየመኝታው ካለው የመስኮት ብረት ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን።

በምዕራፍ መገንባት

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላ ሰርቪሱን አስቀድመው ይሥሩ፤ ቤተሰቡ ይኖርበታል፣ ሲሚንቶም በአንዱ ክፍል ይቀመጣል። ሲሚንቶውን ከወለሉ 15 ሴንቲ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው፣ ከአሥር ከረጢት በላይ ሳይደራርቡ ያስቀምጡ። ሰርቪሱና ዋናው ቤት አይነካኩ፤ በኋላ የሚጨመር ክፍል ካለ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል 2.5 ሴንቲ ክፍተት ይተዉ። በተለይ እንደ ቦሌና አቃቂ ባለው ጥቁር አፈር ላይ አዲሱ ለብቻው ስለሚነሣና ስለሚወርድ የተጣበቀ ግድግዳ መሰንጠቁ አይቀርም።

ቀጥሎ ምድሩ እስከ ሶሌታው ይሠራና ስፌት ቤቱ ሥራ ይጀምራል። ለላይኛው ፎቅ የሚተወው የኮለን ፌሮ 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 70 ሴንቲ ከሶሌታው በላይ ይውጣ። ራቁቱን ለሁለት ክረምት ከቆየ ይዝጋል፤ በደካማ ቅልቅል፣ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ለስድስት ጠጠር፣ ይሸፈን፤ ሲፈለግ በቀላሉ ይሰበራል። ሶሌታው ራሱ ጣሪያ ስላልሆነ ተዳፋት ያለው ሊሾ ወይም ጊዜያዊ ቆርቆሮ ይደረግበት።

የምድሩ ወለል ሊሾ ከመፍሰሱ በፊት የፍሳሹን ቧንቧ ታችኛውን አፍ ዘግተው ውኃ ይሙሉት። በ24 ሰዓት ውስጥ የውኃው ልክ ከወረደ የሚያፈሰው መጋጠሚያ ተፈልጎ ይጠገን፤ ካልወረደ ሊሾው ይፍሰስ።